ምዕራፍ 7፦ የካርዱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

በዋሽንግተን ዲሲ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብታችሁ፣ በልታችሁ ጠጥታችሁ ሒሳብ ስትጠይቁ፣ ደረሰኙ ላይ ከምግቡና ከታክሱ ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ መስመር ታገኙ ይሆናል። «የካርድ ክፍያ 3 በመቶ» ይላል። ለ50 ዶላር እራት ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ አንድ ዶላር ተኩል ነው። የደንበኛው ቅሬታም ከመጠኑ አይደለም። «ለበላሁት ከፈልኩ፤ ለመንግሥት ታክሱን ከፈልኩ፤ ላስተናገደችኝ ልጅ ቲፕ ሰጠሁ፤ ደግሞ ስለከፈልኩ ልክፈል?» ነው የሚለው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ከምግብ ቤቱ ባለቤት አልፎ፣ ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። ያ መስመር ደረሰኝ ላይ ከመውጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊትም ገንዘቡ ይከፈል ነበር፤ የሚከፈለውም ከእኛው ኪስ ነበር።

እስኪ አንድ ደንበኛ 100 ዶላር በክሬዲት ካርድ ከፈለ እንበል። ነጋዴው እጅ የሚገባው መቶው ሙሉ አይደለም። እንደ ካርዱ ዓይነትና እንደ ውሉ ከ2 እስከ 3 ዶላር ተኩል ይቆረጥበታል። የተቆረጠውን ሦስት ወገኖች ይካፈሉታል። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ካርዱን ለደንበኛው የሰጠው ባንክ ነው፤ ይህ ድርሻ ኢንተርቼንጅ ይባላል፤ ከመቶው ዶላር ብዙ ጊዜ 2 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው፤ የሚያገኘው 14 ሳንቲም አካባቢ ነው። የተረፈው የክፍያ ማሽኑን ላቀረበውና ሒሳቡን ለሚያስኬደው ኩባንያ፣ ነጋዴዎች «ፕሮሰሰር» ለሚሉት ይሆናል። ነጋዴው ደውሎ የሚያገኘውና የሚከራከረው ከዚህ ከሦስተኛው ጋር ብቻ ነው፤ ትልቁን ድርሻ የወሰደውን ባንክ በዓይኑም አያየውም።

የኢንተርቼንጅን ልክ የሚወስኑት ቪዛና ማስተርካርድ ናቸው። ገንዘቡ ወደ ባንኮቹ እየሄደ ዋጋውን የሚቆርጡት እነሱ መሆናቸው ነገሩን ሁሉ ለመረዳት ይጠቅማል። በሌላ ገበያ ሁለት ሻጮች ሲፎካከሩ ዋጋ ይወርዳል። እዚህ ግን ሁለቱ የሚሻሙት ካርድ የሚያወጡትን ባንኮች ነው፤ ባንክ ደግሞ የሚያደላው የተሻለ ገቢ ወደሚያስገኝለት ነው። ስለዚህ ፉክክሩ በጠነከረ ቁጥር ነጋዴው ላይ የሚጫነው ዋጋ ይጨምራል። ባንኩ ካገኘው ላይ ከፍሎ ለካርዱ ባለቤት ነጥብ፣ የአውሮፕላን ትኬትና ተመላሽ ገንዘብ ይሰጣል። ለባለቤቱ ጥቅሙ የበዛ ካርድ፣ ለነጋዴው ውድ ካርድ ነው። ነጋዴው «ተራውን ቪዛ እቀበላለሁ፤ ባለ ነጥቡን ግን መልሱት» ማለት አይችልም። ደንቡ አንዱን የቪዛ ክሬዲት ካርድ የተቀበለ ሁሉንም እንዲቀበል ያስገድደዋል። ዴቢትን ከክሬዲት ለይቶ የመቀበል መብት እንኳ የተገኘው በክርክር ነው። ዋልማርትን ጨምሮ ትልልቅ ቸርቻሪዎች ከሰው፣ በ2003 ቪዛና ማስተርካርድ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈልና ይህን ግዴታ ለማንሳት ከተስማሙ በኋላ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ክፍያው ከካርዱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1950 ኒው ዮርክ ላይ የተጀመረው ዳይነርስ ክለብ ከምግብ ቤቶች 7 በመቶ ያስከፍል ነበር። በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያዋ ፍሬስኖ ከተማ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለ60,000 ያህል ነዋሪዎች ካርድ በፖስታ ላከ፤ ያ ካርድ በኋላ ቪዛ የተባለው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ካርድ የያዘው ሰው ከበዛ ነጋዴው ሳይወድ ይቀበላል። የሆነውም ይኸው ነው። ዛሬ በአሜሪካ ካርድ አልቀበልም የሚል ሱቅ ደንበኛውን ለጎረቤቱ ይሸኛል። የአሜሪካ ነጋዴዎች በ2023 ለካርድ ማስኬጃ የከፈሉት በድምሩ ወደ 172 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። ለብዙ ምግብ ቤቶች ይህ ከከባድ ወጪዎቻቸው አንዱ ነው።

ታዲያ ነጋዴዎቹ ይህን ወጪ ለምን ከመጀመሪያው በግልጽ አላሳዩም? አይችሉም ነበር። የካርድ ኩባንያዎቹ ውል በካርድ የሚከፍል ደንበኛ ላይ መጨመርን ይከለክል ነበር። ኮንግረስም ገባበት። በ1974 ነጋዴው በካሽ ለሚከፍል ዋጋ መቀነስ እንዲችል ፈቀደ፤ በ1976 ግን በካርድ ለሚከፍል መጨመርን ከለከለ። ይህ ክልከላ በ1984 ጊዜው ሲያበቃ፣ ኒው ዮርክ፣ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስና ፍሎሪዳን ጨምሮ በርካታ ግዛቶች የራሳቸውን አወጡ። የኒው ዮርኩ ሕግ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500 ዶላር ቅጣት ነበረው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሒሳቡ አንድ ነው። የፀጉር ሥራው በካሽ 100፣ በካርድ 103 ዶላር ከሆነ፣ «ዋጋው 103 ነው፤ በካሽ ከከፈላችሁ 3 ይቀነስላችኋል» ብትሉም፣ «ዋጋው 100 ነው፤ በካርድ ከከፈላችሁ 3 ይጨመርባችኋል» ብትሉም የሚከፈለው አይለወጥም። ሕጉ የመጀመሪያውን ፈቅዶ ለሁለተኛው እስር ደነገገ። የካርድ ኩባንያዎቹ አጥብቀው የተሟገቱለት ልዩነት ይህ ነበር፤ የተሟገቱትም የሰውን ጠባይ ስለሚያውቁ ነው። ኢኮኖሚስቱ ሪቻርድ ቴለር፣ በኋላ ኖቤል የተሸለመው፣ በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ የካርድ ጉዳይ በምሳሌነት አንስቶ፣ ሰው የቀረበትን ቅናሽ ችላ ሲል የተጨመረበትን ክፍያ ግን እንደ ጉዳት እንደሚቆጥረው አስረዳ። ደንበኛው ቅናሹ ቢቀርበት ካርዱን መዝዞ ይከፍላል፤ ጭማሪ ካየ ግን ካሽ ፍለጋ ኪሱን ይፈትሻል። ይህ እንዳይሆን ነበር ጥረቱ።

በኒው ዮርክ ግዛት ቬስታል የምትገኝ ኤክስፕሬሽንስ ሄር ዲዛይን የተባለች ፀጉር ቤት ከሌሎች አራት ንግድ ቤቶች ጋር ሆና ይህን ሕግ ከሰሰች። ክርክራቸው፣ ሕጉ የሚቆጣጠረው ዋጋችንን ሳይሆን ለደንበኛ የምንነግርበትን መንገድ ነው የሚል ነበር። በመጋቢት 2017 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተስማማ፤ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በጻፉት ፍርድ ሕጉ ንግግርን የሚቆጣጠር በመሆኑ ከመናገር ነፃነት አንፃር መመርመር እንዳለበት ተወሰነ። በቀጣዩ ዓመት የኒው ዮርክ የበላይ ፍርድ ቤት፣ ነጋዴው በካርድ የሚከፈለውን ሙሉ ዋጋ በዶላርና በሳንቲም እስከጻፈ ድረስ ምክንያቱን እንደፈለገ ማስረዳት ይችላል አለ። የፍሎሪዳና የካሊፎርኒያ ሕጎችም በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ተሸነፉ።

በካርድ ኩባንያዎቹ ውል ላይ የተደረገው ትግል ደግሞ በሌላ በኩል ይሄድ ነበር። ነጋዴዎች በ2005 ቪዛን፣ ማስተርካርድንና ትልልቅ ባንኮችን ከሰሱ፤ ከዚያ ክስ በተገኘ ስምምነት ከጥር 2013 ጀምሮ ጭማሪ ማስከፈል በውል የተከለከለ መሆኑ ቀረ። ስምምነቱ ራሱ በ2016 በይግባኝ ቢፈርስም የተፈቀደው እንደተፈቀደ ቆየ። በ2024 የቀረበውን፣ ክፍያውን በጥቂቱ ለመቀነስ የታሰበ ሌላ ስምምነት፣ የብሩክሊን ፌዴራል ዳኛዋ ማርጎ ብሮዲ አልቀበልም ብለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ነጋዴው ክፍያውን ለይቶ ማሳየት በማይችልበት ዘመን ምን ያደርግ ነበር? በሁሉም ዋጋ ላይ ይጭነው ነበር። ዛሬም አብዛኛው ነጋዴ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እንጀራው፣ ወተቱ፣ ቤንዚኑ የካርዱን ወጪ በውስጡ ይዞ ነው የሚሸጠው። በካርድ የሚከፍለው ሰው ከዚያ ላይ በነጥብ መልክ የተወሰነው ይመለስለታል። በካሽ የሚከፍለው ግን ያንኑ ዋጋ ከፍሎ ምንም አያገኝም። ሁሉም እኩል እያዋጣ የሚበሉት ግን ጥቂቶች የሆኑበት ዕድር ማለት ነው። በ2010 የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ኢኮኖሚስቶች ይህን ዝውውር አስልተው ነበር። በእነሱ ግምት በካሽ የሚገለገል አንድ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ወደ ካርድ ተጠቃሚዎች ያስተላልፋል፤ በካርድ የሚገለገለው ደግሞ 1,133 ዶላር ያገኛል። በገቢ ሲታይ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በአማካይ 21 ዶላር ሲከፍሉ፣ ከፍተኛ ገቢ ያላቸው 750 ዶላር ይቀበላሉ።

እነዚህን ቁጥሮች በእኛ ሰው ሕይወት ስታዩዋቸው ክብደታቸው ይገባችኋል። ትናንት በዲቪ የገባ ሰው የክሬዲት ታሪክ የለውም። ባለ ነጥቡን ካርድ የሚሰጠው ባንክ ቀርቶ ተራውንም የሚሰጠው ባንክ የሚያገኘው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ስለዚህ በካሽ ወይም በዴቢት ይገዛል፤ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ባገኘው ደመወዝ በሚገዛው ዘይትና ዳቦ ውስጥ፣ የሌላ ሰው የዕረፍት ጉዞ ትኬት ወጪ ተደብቆ አለበት። ይህን አድልዎ ማንም ደረሰኝ ላይ አይጽፈውም። በእኔ እምነት ደረሰኝ ላይ ከሚታየው 3 በመቶ ይልቅ የከፋው ይህ የማይታየው ነው። ጭማሪው በግልጽ ሲወጣ ቢያንስ ወጪውን ያመጣው ሰው ወጪውን ይሸከማል፤ በካሽ የከፈለውም ባልበላው ዕዳ አይጠየቅም።

ነጋዴውንም እንስማው። ዲሲ ውስጥ የምግብ ቤት ታክስ 10 በመቶ ነው። የ50 ዶላር እራት ላይ 5 ዶላር ታክስና 10 ዶላር ቲፕ ሲጨመር በካርዱ ላይ የሚያልፈው 65 ዶላር ነው። ማሽኑ 3 በመቶውን የሚቆርጠው ከ65ቱ ነው፤ 1 ዶላር ከ95 ሳንቲም። ከዚህ ውስጥ 45 ሳንቲሙ ለከተማው በሚገባ ታክስና ለአስተናጋጇ በሚሰጥ ቲፕ ላይ የተቆረጠ ነው፤ ባለቤቱ የራሱ ባልሆነ ገንዘብ ላይ ይከፍላል ማለት ነው። የፌዴራሉ ሕግ ባለቤቱ በቲፑ ላይ የተቆረጠውን ያህል ከቲፑ እንዲያስቀር ይፈቅድለታል፤ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ደግሞ ይከለክሉታል። በሚፈቀድበት ቦታ እንኳ ብዙ ባለቤቶች ከሠራተኛ ቲፕ ላይ መንካት አይሆንላቸውም። ኢሊኖይ በ2024 ኢንተርቼንጅ በታክስና በቲፕ ላይ እንዳይታሰብ የሚል ሕግ ያወጣችው ለዚህ ነበር፤ ባንኮችም ወዲያው ፍርድ ቤት ሄዱ።

ትንንሽ ሽያጭ የሚያካሂደው ነጋዴ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ውሎች ብዙ ጊዜ ከመቶኛው በተጨማሪ በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ቋሚ ሳንቲም አላቸው። 2.6 በመቶና 10 ሳንቲም የሚል ውል እንውሰድ። በ100 ዶላር ሽያጭ 2 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነው። በ3 ዶላር ተኩል ቡና ግን 19 ሳንቲም ይሆናል፤ ከዋጋው ከ5 በመቶ በላይ ማለት ነው። በትንሽ ሱቅ በር ላይ «በካርድ ከ10 ዶላር በታች አንቀበልም» የሚል ወረቀት የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለክሬዲት ካርድ እስከ 10 ዶላር የሚደርስ ዝቅተኛ ልክ ማስቀመጥ ከ2010 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ተፈቅዷል። የታክሲ ሥራም ይህ ችግር ነበረበት። ብዙ ኢትዮጵያውያን ታክሲ በሚነዱባት ዲሲ፣ በ2013 ታክሲዎች ሁሉ የካርድ ማሽን እንዲያስገቡ ሲታዘዝ፣ በየጉዞው 25 ሳንቲም ከተሳፋሪው እንዲሰበሰብ ከተማው ራሱ ደንግጓል። ካሽ ከፋዩም ቢሆን ያቺን 25 ሳንቲም ይከፍል ነበር።

እስካሁን ለነጋዴው ተሟግቻለሁ። ነገር ግን 3 በመቶው ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም፤ ደንበኛ ሊያውቃቸው የሚገቡ በደሎች አሉ።

የመጀመሪያው ዴቢት ላይ መጨመር ነው። የቪዛና የማስተርካርድ ደንብ የተጨማሪ ክፍያን ፈቃድ ለክሬዲት ካርድ ብቻ ነው የሰጠው፤ በዴቢት ወይም ቀድሞ በተሞላ ካርድ ላይ አይቻልም፤ ማሽኑ «ክሬዲት» ተብሎ ቢጫንም ያው ነው። ምክንያቱም አለው። በ2010 የወጣው የዶድ ፍራንክ ሕግ፣ በሴናተር ዲክ ደርቢን ስም በሚታወቀው ማሻሻያ፣ የትልልቅ ባንኮችን የዴቢት ኢንተርቼንጅ እንዲገደብ አድርጓል፤ 21 ሳንቲምና የዋጋው 0.05 በመቶ ነው፤ ለማጭበርበር መከላከያ ሌላ 1 ሳንቲም ሊታከል ይችላል። በዚያ በ65 ዶላሩ እራት ላይ የባንኩ ድርሻ 25 ሳንቲም አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ 3 በመቶ መጠየቅ ወጪ ማካካስ አይደለም። ችግሩ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ለዴቢትም ለክሬዲትም አንድ ዋጋ የሚያስከፍል ውል መፈረማቸው ነው፤ የዴቢቱን ቅናሽ ፕሮሰሰሩ ያስቀረዋል፤ ነጋዴው ግን ሁሉም ካርድ እኩል የሚያስወጣው ይመስለዋል።

ሁለተኛው ከወጪ በላይ መሰብሰብ ነው። ቪዛ ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ጣሪያውን ከ4 ወደ 3 በመቶ አውርዷል፤ ነጋዴው ከዚያ በታች የሚከፍል ከሆነ ደግሞ የከፈለውን ያህል ብቻ ነው መጠየቅ የሚችለው። ኮሎራዶ ከ2022 ጀምሮ 2 በመቶን ወይም ትክክለኛውን ወጪ ትፈቅዳለች። ኒው ጀርሲና ኒው ዮርክ ከትክክለኛው ወጪ እንዳያልፍ ደንግገዋል፤ ኮነቲከትና ማሳቹሴትስ ጨርሶ ይከለክላሉ። እንዲህም ሆኖ፣ ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ «የካርድ ወጪህን ዜሮ እናደርግልሃለን» የሚሉ የፕሮሰሰር ሻጮች አሉ። ማሽኑ በካርድ የሚከፍለውን ሁሉ በቀጥታ 4 በመቶ ያስከፍለዋል፤ ነጋዴው ከኪሱ ምንም ስለማይወጣ ደስ ይለዋል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ በወር 40,000 ዶላር በካርድ የሚሸጥ ሱቅ ደንበኞቹ በ4 በመቶ 1,600 ዶላር ይከፍላሉ። እውነተኛው ወጪ 2.6 በመቶ ቢሆን 1,040 ዶላር ነው። ቀሪው 560 ዶላር በየወሩ ለፕሮሰሰሩ ትርፍ ይሆናል። የደንበኛው ቅሬታ ግን የሚያርፈው በነጋዴው ላይ ነው፤ ስሙ ያለው በሩ ላይ ነውና።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው፣ ሳይናገሩ ቆይቶ በልተው ከጨረሱ በኋላ ማምጣት ነው። የካርድ ደንቡ ራሱ ጭማሪው መግቢያው ላይ፣ መክፈያው ጋ እና ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ያዛል። ኒው ዮርክ ከየካቲት 2024 ጀምሮ ከዚህም አልፋለች፤ ነጋዴው የካርዱን ሙሉ ዋጋ በዶላርና በሳንቲም፣ ወይም የካሹንና የካርዱን ሁለቱንም ዋጋ ጎን ለጎን መለጠፍ አለበት። «3 በመቶ ይጨመራል» የሚል ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ ቅጣቱም በየጥፋቱ እስከ 500 ዶላር ነው። ነዳጅ ማደያዎች ይህን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። በትልቁ ሰሌዳ ላይ የካሹም የካርዱም ዋጋ ተጽፎ ከመንገድ ይታያል፤ ሹፌሩ መኪናውን ሳያቆም ይወስናል፤ ተታለልኩ የሚል የለም።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዙት ማየቱ ይጠቅማል። አውስትራሊያ በ2003 ነጋዴዎች ጭማሪ እንዲያስከፍሉ ፈቀደች። ብዙም ሳይቆይ አንዳንዶች፣ በተለይ አየር መንገዶች፣ ከወጪያቸው እጅግ የበለጠ መሰብሰብ ጀመሩ፤ በ2016 ከወጪ በላይ ማስከፈል በሕግ ተከለከለ። የአውሮፓ ኅብረት በሌላ በኩል ጀመረ። በ2015 ኢንተርቼንጁን ራሱን ገደበው፤ ለዴቢት 0.2 በመቶ፣ ለክሬዲት 0.3 በመቶ። ወጪው ከወረደ በኋላ፣ በጥር 2018፣ ጣሪያ በወጣላቸው የግለሰብ ካርዶች ላይ ጭማሪ መጠየቅን ከለከለ፤ ብሪታንያም በዚያው ቀን ከለከለች። በዚህ ምክንያት ለንደን ወይም ስቶክሆልም ያለ ሐበሻ ምግብ ቤት ደረሰኙ ላይ ያ መስመር የለም። የአውሮፓ ካርድ ባለቤቶች እንደ አሜሪካኖቹ በነጥብ አይንበሸበሹም፤ በካሽ የሚከፍለው ግን የሌላውን ትኬት አይገዛም።

የአውሮፓው ቅደም ተከተል ትክክል ይመስለኛል። መጀመሪያ ባንኩ የሚወስደውን መቀነስ፣ ከዚያ ነጋዴው እንዳይጨምር መከልከል። አሜሪካ ለክሬዲት ካርድ ጣሪያ አላወጣችም፤ 2 ዶላሩን የሚወስደው ባንክ ከጠቡ ውጭ ሆኖ፣ የሚነታረኩት ምግብ አብሳዩና በላተኛው ናቸው። ኮንግረስ ይህን እስኪያስተካክል ድረስ ጭማሪውን በሕግ ማጥፋት ወጪውን ወደ ሁሉም ሰው ዋጋ መልሶ ከመደበቅ ያለፈ ነገር አያመጣም።

ንግድ ቤት ያላችሁ አንባቢዎች፣ ያለፉትን ሦስት ወራት የፕሮሰሰር ሒሳብ መግለጫ አውጡ፤ ጠቅላላ የተቆረጠባችሁን ለጠቅላላ የካርድ ሽያጫችሁ አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር እውነተኛ ወጪያችሁ ነው፤ ከዚያ በላይ ከደንበኛ አትጠይቁ። ሁለቱን ዋጋ በሩ ላይና ሜኑው ላይ ጻፉ፤ ዴቢቱን ከጭማሪው አውጡ፤ ማሽኑ ካልለየላችሁ ፕሮሰሰሩ እንዲለይላችሁ አስገድዱ፣ እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ደንበኛ የሆናችሁ ደግሞ ለትንሽ ሱቅ በካሽ ወይም በዴቢት መክፈል ልመዱ፤ ለባለቤቱ እውነተኛ እርዳታ ነው። በዴቢት ከፍላችሁ የካርድ ጭማሪ ደረሰኛችሁ ላይ ካገኛችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትውጡ። መጀመሪያ በትሕትና እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ፤ ካልሆነ ደረሰኙን ይዛችሁ ለግዛታችሁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤት በሉ። አቤቱታው በነፃ ነው፤ ጠበቃም አያስፈልገውም።